ቅጠሉን ይገልብጡልኝ

ይድረስ ለተከበሩ አንባቢዬ፤

በረንዳዎ ላይ ወይም ሳሎንዎ መስኮት አጠገብ አንድ ፈርን እንዳለዎት እጠረጥራለሁ። እርስዎ ጋ ከሌለ እህትዎ ቤት አለ፤ እሷም ጋ ከጠፋ መንገድ ዳር ችግኝ ሻጮቹ ዘንድ ሞልቷል። አንድ ቀን ውሃ ሊያጠጡት ጎንበስ ሲሉ ከቅጠሉ ጀርባ ቡናማ ነጠብጣብ ያዩና «ወይ ጉድ፣ ይኼ ነገር ተባይ ያዘው!» ይላሉ። ከዚያ ወይ መድኃኒት መርጨት ነው፣ ወይ በሳሙና ውሃ መፈተግ፣ ወይ ቅጠሉን ቆርጦ መጣል። እኔ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ለዚያ ለተፈተገው ነጠብጣብ ጠበቃ ሆኜ ነው። ፈርኑ ማን እንደሆነ ከሁሉ በላይ የሚናገረው እሱ ነበርና።

«ተባይ አለመሆኑን በምን አውቃለሁ?» ይላሉ። ልክ ነዎት፤ ቅጠል ላይ ተለጥፎ የሚመጥ ቡናማ ነፍሳት በእርግጥ አለ። ነገር ግን ተባይ ሥርዓት የለውም። ከላይም ከታችም፣ ዘንጉም ላይ፣ ደስ ባለው ቦታ ይለጠፋል። በጥፍርዎ ቢያነሡት እንዳለ ይላቀቃል፤ አካባቢውም ብዙ ጊዜ እጅ ያጣብቃል። የፈርኑ ነጠብጣብ ግን ተሰልፎ የቆመ ነው። በቅጠሉ ጀርባ እንጂ በፊቱ አይወጣም፤ ከመሐል ጅማቱ ያለውም ርቀት ከአንዱ ወደ ሌላው ብዙም አይለዋወጥም። ደርቶ የደረሰ ከሆነ ሲነኩት ቡናማ ዱቄት ጣትዎ ላይ ይቀራል። ያ ዱቄት ስፖር ነው፤ ፈርን የሚራባው በእሱ ነው።

«መቼም ፈርን ፈርን ነው፤ ምን ይለያየዋል?» ሲሉኝ ደግሞ ይሰማኛል። በዓለም ላይ የሚታወቁት ፈርኖች ከቅርብ ዘመዶቻቸው ጋር 12,000 ያህል ዝርያ ይሆናሉ። አብዛኞቹ የሚኖሩት ሞቃትና እርጥብ በሆኑ ደኖች ውስጥ፣ በተለይም ጉም በማይለያቸው ተራሮች ላይ ነው። ይህን ሁሉ ሕዝብ በአንድ ስም ጠርቶ ማለፍ፣ ለቅሶ ቤት ከኋላ ያዩትን ጋቢ ለባሽ ሁሉ «አጎቴ ናቸው» ብሎ እንደ መሳለም ነው። ጋቢው ያው ጋቢ ነው፤ ሰውየው ዞር ሲሉ ግን ሌላ ሰው ሆነው ይገኛሉ። የፈርንም ፊቱ ያለው በጀርባው በኩል ነው፤ ችግሩ እኛ ጋቢውን እያየን ማለፋችን ነው።

ትምህርት ቤት የተማሩትን የሚያስታውሱ ከሆነ ቀጥሎ የሚያነሡትን አውቀዋለሁ። «ተክል የሚለየው በአበባው ነው ተብለናል፤ ይኼ አበባም ፍሬም የለው፣ በምኑ እንለየው?» ብቻዎን አይደሉም። የጥንት አውሮፓውያን ገበሬዎች ይህን ጥያቄ ሲያወጡ ሲያወርዱ ኖረው፣ በመጨረሻ ፈርን ዘር አለው፣ ነገር ግን ዘሩ ዓይን አያየውም፤ ያገኘው ሰውም ራሱ ይሰወራል ብለው አረፉ። ምሥጢሩ በሥርዓት የተፈታው ሆፍማይስተር የተባለ ጀርመናዊ በ1851 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ ነው። ስፖሩ እርጥብ አፈር ላይ ሲወድቅ ወዲያው ፈርን አይሆንም። መጀመሪያ ከጣት ጥፍር የሚያንስ፣ ብዙ ጊዜ የልብ ቅርጽ ያለው፣ ስስ አረንጓዴ ነገር ይሆናል። ወንዴና ሴቴ ሕዋስ የሚገናኙት በዚያ ላይ ነው፤ ለመገናኘትም የውሃ ጠብታ ያስፈልጋቸዋል። እኛ ፈርን የምንለው ባለ ቅጠሉ ተክል የሚበቅለው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ አበባ ቢያጡበት አይቀየሙት፤ እሱ ጉዳዩን በሌላ መንገድ ጨርሷል።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ። ባለፈው ሠርግ ላይ የሙሽሪት እቅፍ አበባ ውስጥ ጽጌረዳውን ከብቦ የነበረውን እንደ ጭስ የሳሳ አረንጓዴ ነገር ምን ብለው ጠሩት? ፈርን አሉት አይደል? አበባ ሻጩም እንደዚያው ነው የሚለው። እሱ ፈርን አይደለም፤ አስፓራገስ ነው፣ የእኛው የሴት ቀስት የቅርብ ዘመድ። ጊዜ ሰጥተው ቢያቆዩት ትንንሽ ነጭ አበባ ያወጣል፣ ፍሬም ያፈራል። ጀርባውን ቢያገላብጡት አንዲት የስፖር ነጠብጣብ አያገኙበትም፤ ዘንጉ ላይ ግን ጥቃቅን እሾህ ሊያገኙ ይችላሉ። እዚህ ላይ የማይገባውን ስም ያሰጠው መልኩ ብቻ ነው።

«እሺ፣ እውነተኛው ፈርን ከሆነስ? የቅጠሉ ቅርጽ አይበቃም?» ይበቃል ብልዎ ደስ ባለኝ። ቅርጽ ከቤተሰቡ ደጃፍ ያደርስዎታል፤ ቤት ውስጥ ግን አያስገባዎትም። አስፕሌኒየም ኤቲዮፒከም የሚባለውን ይውሰዱ፤ በእኛም ተራሮች ድንጋይና የዛፍ ግንድ ላይ የሚበቅል ነው። አንዱ ቅጠሉ ሰፋ ሰፋ ብሎ የተከፈለ ነው፤ ሌላው እዚያው አጠገቡ ያለው ደግሞ እስኪበጣጠስ ድረስ ደቅቆ የተሰነጠቀ ነው። ሁለት ዝርያ ናቸው ብለው ቢማሉ አይፈረድብዎትም። የቅጠል ቅርጽ በዕድሜ ይለወጣል፣ በጥላና በፀሐይ ይለወጣል፣ በውሃ ማጣት ይለወጣል። የብዙ ፈርኖች ግልገል ቅጠል ደግሞ ከትልቁ ቅጠል ጋር ዝምድና ያለው አይመስልም። ከቅርጽ መቁጠር የሚገባው ቅጠሉ ስንት ጊዜ እንደተከፈለ ነው። አንድ ወጥ ነው? ከመሐል ዘንጉ ግራና ቀኝ አንድ ጊዜ ተከፍሏል? ወይስ ክፋዩም እንደገና ተከፍሏል? ይህን በማስታወሻ ይያዙና ወደ እግሩ እንውረድ።

ወደ እግሩ ስል የምሬን ነው። ሰው ፈርን ፎቶ ሲያነሣ ሁልጊዜ የቅጠሉን ጫፍ ነው የሚያነሣው፤ ቆርጦ የሚያመጣም ከወገቡ ቆርጦ ነው የሚያመጣው። ግማሹ መታወቂያ ግን መሬት ላይ ቀርቷል። የቅጠሉ ዘንግ ከግንዱ የሚነሣበትን ቦታ አፈሩን በጣትዎ ገለጥ አድርገው ይዩ። መጀመሪያ የሚያዩት ግንዱን ነው፦ መሬት ለመሬት የሚሳብ ከሆነ ቅጠሎቹ ተራርቀው በተርታ ይነሣሉ፤ ቀጥ ብሎ የቆመና አጭር ከሆነ ደግሞ ቅጠሎቹ ከአንድ ማዕከል ዙሪያውን ይወጣሉ። ቀጥሎ ዘንጉ ግርጌ ላይ ያለውን ሸካራ ነገር ይዩ። ጸጉር ነው ወይስ ቅርፊት? ጸጉር እንደ ማንኛውም ጸጉር ቀጭን ነው። ቅርፊት ግን ጠፍጣፋ ነው፤ ስስ፣ ቡናማ፣ ጫፉ የሾለ። አሥር ጊዜ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር ካለዎት የአስፕሌኒየምን ቅርፊት ወደ ብርሃን አድርገው ይመልከቱ፤ የሕዋሶቹ ግድግዳ ጠቆር ብሎ፣ መሐሉ ብርሃን እያሳለፈ፣ ጥርት ያለ ፍርግርግ ሆኖ ይታያል። ይህን ፍርግርግ አንዴ ያየ ሰው ያንን ወገን ከሌላው አይቀላቅልም።

«አሁንስ አበዙት፤ ቅርፊት ቆጥሬ ልኑር እንዴ?» ይበሉኝ፤ ግን አንድ ምሳሌ ላሳይዎና ይፍረዱ። በእርጥብ ደን ጠርዝ፣ በተለይ በጅረት ዳር፣ ክሪስቴላ ዴንታታ የሚባል ፈርን አለ፤ በአፍሪካም በእስያም ሞቃት አገሮች እንደ ልቡ የሚበቅል። ከእሱ ጋር በቀላሉ የሚምታታ ደግሞ ድራዮፕቴሪስ የሚባለው ወገን ነው። ሁለቱም ለዓይን ያው «ፈርን» ናቸው። ሁለቱም ጀርባቸው ላይ ክብ ነጠብጣብ አላቸው፤ የሁለቱም ነጠብጣብ የኩላሊት ቅርጽ ባላት ስስ ሽፋን ተከድኗል። ጫፉን ብቻ ቆርጠው ቢያመጡልኝ ሁለታችንም መከራ እናያለን። ከግርጌው ካመጡ ግን ምላጭ ይበቃናል። ዘንጉን ከታች በኩል አግድም ቆርጠው የተቆረጠውን ፊት ይዩ። ውሃና ምግብ የሚያመላልሱት ቱቦዎች ከቀሪው ሥጋ ተለይተው ይታያሉ። ክሪስቴላ ከሆነ ሁለት ብቻ ናቸው፣ ረዘም ረዘም ብለው ፊት ለፊት የተያዩ። ድራዮፕቴሪስ ከሆነ ብዙ ናቸው፤ ክብ ክብ ሆነው እንደ ጨረቃ ጎበጥ ብለው የተሰለፉ። ቅጠሉን በጣትዎ ሲዳስሱ ደግሞ ክሪስቴላ መርፌ የመሰሉ ጥቃቅን ጸጉሮች አሉት፤ ለስለስ ያለ ነገር ይሰማዎታል። የድራዮፕቴሪስ ግርጌ ቅርፊት የበዛበት ነው። አንድ የመጨረሻ ማረጋገጫ አለ፦ ክሪስቴላን ወደ ፀሐይ አንሥተው ቢያዩት፣ ጎረቤታሞቹ የቅጠል ጥርሶች በሚገናኙበት ስርጉድ ሥር የሁለቱ ወገን ጅማቶች ይገጣጠማሉ። አሁን ይፍረዱ፤ ይህ ሁሉ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም፣ ላብራቶሪም አላስፈለገውም።

ነጠብጣቡም ራሱ ሁልጊዜ ነጠብጣብ አይደለም። አስፕሌኒየም ላይ ጅማቱን ተከትሎ የተሰመረ መስመር ነው፤ በአንድ ጎኑ የሚከፈት ስስ ክዳን አለው። ፕቴሪስ ላይ የቅጠሉን ዳር ዳር ይዞ ይሄዳል፤ ዳሩ ራሱ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ይሸፍነዋል። በየፏፏቴውና በየምንጩ ዓለት ላይ የሚንጠለጠለው፣ ዘንጉ ጥቁርና አንጸባራቂ የሆነው አዲያንተም ደግሞ የሚጠቀለለው ቁራጭ ላይ ራሱ ነው የሚያፈራው። ፖሊስቲከም ክብ ሆና መሐሏ ላይ በአንዲት እግር የቆመች ክዳን አለው። ኤላፎግሎሰም ጨርሶ ነጠብጣብ የለውም፤ አንዳንድ ቅጠሎቹን ለዚሁ ሥራ ለይቶ ጀርባቸውን ሙሉ በሙሉ ቡናማ ያደርጋል። ፕሊዮፔልቲስ ደግሞ ክዳን የሚባል አያውቅም፤ ትልልቅ ክብ ክምሮቹን በቅጠሉ ጀርባ፣ ወደ ጫፉ ባለው ክፍል ላይ ገልጦ ያስቀምጣል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም አንዱን ክምር በመነጽር ስር አድርገው ካላዩት የምለው ተረት ሊመስልዎ ይችላል። እያንዳንዱ ክምር የብዙ ጥቃቅን ከረጢቶች ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ከረጢት ውስጥ እንደ ደንቡ 64 ስፖር አለ። በከረጢቱ ጀርባ ወፍራም ግድግዳ ያላቸው ሕዋሶች በአንድ መስመር ተሰድረዋል። አየሩ ሲደርቅ ከእነዚህ ሕዋሶች ውሃ ይተናል፤ ሲተን መስመሩ ወደ ኋላ እየተቀለበሰ ከረጢቱን ይቀደዋል፣ ስፖሮቹንም ይዞ ወደ ኋላ ይለጠጣል። ውሃው ከዚያ በላይ መሳሳብ ሲያቅተው በየሕዋሱ ውስጥ ድንገት አረፋ ይፈጠራል፤ መስመሩም በቅጽበት ተመልሶ ስፖሩን ይወረውራል። ደርቶ የደረሰ ቅጠል ከእርጥብ ደን አውጥተው ሞቅ ባለ የጠረጴዛ መብራት ስር ቢያኖሩት፣ በመነጽርዎ ከረጢቶቹ ሲፈናጠሩ ያያሉ። ተባይ ነው ብለው የሚፈትጉት ይህንን ነው፤ ይህን ብቻ ልበልና ልለፍ።

አሁን ወደ ደኑ እንግባ። ከፋ ውስጥ፣ ቦንጋ አካባቢ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው ደን አለ፤ የዱር ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ስር የሚበቅልበት። ወደ ጅረቱ ወረድ ሲሉ፣ ከሰው ቁመት በላይ የወጣ ቀጥ ያለ ግንድ አናቱ ላይ ሰፋፊ ቅጠሎቹን ዙሪያውን ዘርግቶ ያገኛሉ። «ዘንባባ!» ሲሉ ሰማሁዎ። አይፈረድብዎትም፤ የዱር ዘንባባ እዚያው ደን ውስጥ አለ። ይኼኛው ግን አልሶፊላ ማኒያና ነው፣ እንደ ዛፍ የሚቆም ፈርን። በቆዩት መጻሕፍት ሳያቲያ ማኒያና ተብሎ ያገኙታል። ስሙ የተሰጠው በ19ኛው መቶ ዘመን ለለንደኑ የኪው ዕፅዋት ማዕከል ከምዕራብ አፍሪካ ዕፅዋት ለሰበሰበው ለጉስታቭ ማን መታሰቢያ ነው።

«ዘንባባ አለመሆኑን በምን ላረጋግጥ?» በእሾሁ እንዳይሉኝ ብቻ፤ ሁለቱም እሾህ አላቸው። የዱር ዘንባባ እሾህ ግን በቅጠሉ ታችኛው ክፍል ላይ ያሉ ክፋዮች ጠንክረው የሾሉት ነው፤ ረጃጅም ነው፣ ግራና ቀኝ ተሰልፎ ይወጣል። የአልሶፊላው ከዘንጉ ቆዳ የሚነሣ፣ አጠር ያለ፣ ጥቁር እሾህ ነው፤ እጅዎን ይጠብቁ። ቀጥሎ ወደ ግንዱ አናት መሐል ያንጋጥጡ። አዲስ የሚወጣው የዘንባባ ቅጠል እንደ ጦር ቀጥ ብሎ ነው የሚመጣው። የፈርኑ ግን ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ በቅርፊት ተሸፍኖ ይወጣና ቀስ በቀስ ይፈታል፤ ከጥቂቶች በስተቀር ሁሉም ፈርን አወጣጡ ይኸው ነው። ከዚያ ወድቆ ያገኙትን አንድ ቅጠል አንሥተው ይገልብጡት። ሦስት ጊዜ የተከፋፈለ ነው፤ በመጨረሻዎቹ ጥቃቅን ክፋዮች ላይ ክብ ነጠብጣቦች የመሐል ጅማቱን ተጠግተው ተደርድረዋል። ዘንባባ እስኪያረጅ ቢጠብቁት ይህን አያሳይዎትም። ግንዱም ቢሆን እንደ ዋንዛ ግንድ እንጨት የለውም። የረገፉት ቅጠሎች ጠባሳ አለበት፤ ወደ ግርጌው የሚያወፍረውም ብዙውን ጊዜ ከላይ ወደ ታች የወረደ የሥር ጥቅጥቅ ነው።

ከዚያው ሳይርቁ ቀና ይበሉና የትልልቆቹን ዛፎች ቅርንጫፍ ይዩ። ቡናማ፣ ደረቅ፣ የተቀዳደደ የሚመስል ቅጠል ቅርንጫፉን አቅፎ፣ ከላዩ ረጃጅም አረንጓዴ ቅጠሎች ወጥተው ካዩ ድራይናሪያ ሊሆን ይችላል። «የሞተውን ቅጠል ለምን አያራግፈውም?» ይላሉ። አልሞተም፤ ወይም ሞቶም ሥራ ላይ ነው ማለት ይሻላል። ይህ ፈርን ሁለት ዓይነት ቅጠል ያወጣል። አንደኛው አረንጓዴና ረጅም ነው፤ ምግብ ይሠራል፣ ስፖር ያፈራል። ሁለተኛው አጭር፣ ዘንግ የሌለው፣ ግንዱ ላይ የተለጠፈ ነው፤ ቶሎ ይደርቅና እንደደረቀ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ከላይ የሚረግፈውን ቅጠል፣ አቧራውንና የዝናቡን ውሃ ይሰበስባል፤ እዚያ የበሰበሰው ለፈርኑ ሥር አፈር ይሆናል። መሬት ሳይነካ የራሱን መሬት ይሠራል እንበል። ለመለየት ደግሞ ከዚህ የሚቀል ምልክት የለም፤ ከሥር ቆመው፣ ያለ መነጽር ያውቁታል። እኔ ራሴ የማደላው ለእሱ ነው፤ ይህን ለአልሶፊላው አይንገሩብኝ።

«ይህን ሁሉ ከምደክም ስልኬን ደግኜ ፎቶ ባነሣው አይነግረኝም?» እሱን መቼ ይጠይቁኝ ይሆን እያልኩ ነበር። ይነግርዎታል፤ ቶሎም ይነግርዎታል። ያንሡ፣ አልከለክልዎትም። ነገር ግን ስልኩ የሚያውቀው ያሳዩትን ነው። ከላይ ያነሡትን አረንጓዴ ቅጠል ካሳዩት የሚመልስልዎ ከዚያ መልክ ጋር የሚቀራረበውን ነው፤ የሚቀራረበውም ምናልባት ሌላ አህጉር ላይ የሚገኝ ሊሆን ይችላል። ጀርባውን፣ ግርጌውን፣ የተቆረጠውን ዘንግ አንሥተው ሲሰጡት ግን ለእርስዎም ለባለሙያውም የሚጠቅም ነገር ይዘዋል። የስልኩን መልስ እንደ ሐሜት ይቀበሉት፤ እውነት ሊሆን ይችላል፣ አጣርተው ይመኑ።

የበለጠ ያነበቡ አንባቢ ደግሞ «አሁን ሁሉም በዲኤንኤ አልቆ የለም?» ሊሉኝ ይችላሉ። ዲኤንኤው ብዙ ነገር አስተካክሏል። ሳያቲያ ይባል የነበረው ፈርናችን አልሶፊላ ውስጥ ቢገባ አይገርምም፤ በዘመድ ዛፉ ላይ የማን ቅርንጫፍ የማን እንደሆነ በብዙ ቦታ ተከልሷል። ይሁንና ደን ውስጥ ዲኤንኤ አይታይም። የዲኤንኤውንም ናሙና የሚወስደው ሰው መጀመሪያ የትኛውን ተክል እንደቆረጠ ማወቅ አለበት፤ ይህን የሚያውቀው በቅርፊቱና በስፖሩ ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት የተዘረዘሩበት ትልቁ የፍሎራ መጽሐፍም የሚመራዎት በእነዚሁ ምልክቶች ነው። ፈርኖቹ ያሉት ቅጽ 1 ውስጥ ነው፤ ይገርምዎታል፣ ቅጽ 3 በ1989 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ቅጽ 1 የታተመው ግን በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ለፈርን ወዳጅ ትዕግሥት ያስተማረ መጽሐፍ ነው።

አንድ ወንበር ሳብ አድርገው «ለመሆኑ ባውቀውስ ምን ይጠቅመኛል?» የሚሉኝ የገጠር ወዳጄ እንዳሉ አልረሳሁም። ከብት ካለዎት ይጠቅምዎታል። ደን ተመንጥሮ ወይም ተቃጥሎ በተገለጠ መሬት ላይ ቶሎ የሚወርረው ፈርን ፕቴሪዲየም ነው። ከመሬት በታች በሚሳብ ግንዱ ይስፋፋል፤ ቅጠሎቹ እንደ አልሶፊላው ከአንድ ማዕከል ሳይሆን እዚህም እዚያም ተራርቀው ብቅ ይላሉ፤ ስፖሩንም የሚይዘው በተጠቀለለው የቅጠሉ ዳር ስር ነው። ፕታኲሎሳይድ የሚባል መርዝ አለው። ደጋግሞ የበላ ከብት ይታመማል፤ መቅኔው ሊጎዳ፣ የሽንት ፊኛው ውስጥ ነቀርሳ ሊወጣ ይችላል። ከጅረቱ ዳር ያለውን አልሶፊላ «ያው ፈርን» ብለው ከቆረጡና ይህንን «ያው ፈርን» ብለው ካሳለፉ፣ ሁለቱንም ተሳስተዋል ማለት ነው።

በመጨረሻ «እንግዲህ አሳመኑኝ፤ አንድ ቅጠል አምጥቼ ላሳይ» ቢሉኝ ደስታውን አልችለውም። ጥብቅ ደን ከሆነ መጀመሪያ ፈቃድ ይጠይቁ። ከዚያ ስፖር ያለውን አንድ ቅጠል ከነግርጌው ይውሰዱ፤ ተክሉን ነቅለው ግን እንዳይመጡብኝ፣ ቅርፊቱ አብሮ ከመጣ ይበቃል። ጋዜጣ መሐል ያድርጉትና ከባድ መጽሐፍ ይጫኑት፤ እርጥበቱን እስኪጨርስ ጋዜጣውን ይለዋውጡ። ሲያስተኙት የቅጠሉ አንዱ ክፍል ጀርባው እንዲታይ ገልብጠው ያስተኙት፤ ይህን ካላደረጉ የጻፍኩልዎ ሁሉ ከንቱ ነው። አጠገቡ ወረቀት ያኑሩና ይጻፉ፦ የት ቦታ፣ ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር፣ መሬት ላይ ነው ዓለት ላይ ወይስ ዛፍ ላይ፣ ዛፍ ላይ ከሆነ ምን ዛፍ፣ ግንዱ የቆመ ነው ወይስ የሚሳብ። ቀኑንም ይጻፉ። ሲያስቡት ቀላሉ እሱ ይመስላል፤ ግን የእኛን አቆጣጠር ከተጠቀሙ «ዓ.ም.» የሚለውን፣ የፈረንጁን ከሆነ «እ.ኤ.አ.» የሚለውን እንዳይዘልሉ። የደረቀ ተክል በአግባቡ ከተያዘ መቶ ዓመት ሲያልፈው ይነበባል፤ ከ1837 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራችን ኖሮ ዕፅዋት የሰበሰበው የሺምፐር ናሙናዎች እስከ ዛሬ በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች እየተከፈቱ ይመረመራሉ። የእርስዎንም የሚከፍት ሰው ያን ሰባትና ስምንት ዓመት ልዩነት ቆሞ እንዲያሰላ አያድርጉት። አንዳንዱ ሰብሳቢ አቆጣጠሩን ሳይጽፍ ቀርቶ፣ በወረቀቱ መሠረት ፈርኑን የቆረጠው ትምህርት ቤት ሳይገባ ሆኖ ይገኛል።

አክባሪዎ